የካሳነሽ ስም

ሰኞ

በቆሎ ተማሪነቴ እህል ለምኜ በልቻለሁ፤ ውሻ ነክሶኛል። አንዲት ቃል ብገድፍ የኔታ በአለንጋ ይገርፉኝ ነበር። አምና ባለቤቴን ካሳነሽን ቀበርሁ። ከእርሷ ጋር የኖርሁበት የፒያሳ ቤትም ፈረሰ። በአንዱም አላጉረመረምሁም።

ዛሬ ግን የልጅ ልጄ ሰላም እንግዳ በተቀመጠበት አዋረደችኝ። ሴት ልጇ ሰማንያ ቀን ሊሞላት ነው፤ እሑድ ክርስትና ትነሣለች። የቤት ስሟን ማውጣት በቤታችን የሽማግሌው ወግ ነው። «ካሳነሽ ትባል» አልሁ።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አይሆንም» ብላ ልጂቱን አቅፋ ወጣች።

ማክሰኞ

ንዴቴ አልበረደም። ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ካለችው ሻይ ቤት ለወዳጄ ለደምሴ ነገርሁት። ሳቀብኝ እንጂ አላዘነልኝም። «የዛሬ ሰው የልጁን ስም እንደ ኬክ ከባንኮኒ ላይ እየጠቆመ ነው የሚመርጠው። አንተ ገና ዳቦ ትላለህ!»

ሰላም የመረጠችው «ኤልዳና» ነው። ትናንት ማታ ደውዬ ለምን ብላት «ደስ ይላል» አለችኝ። ደስ ይላል! ይህ ምክንያት ነው?

የባለቤቴ እናት ሁለት ወንዶች ልጆች ቀብረው ሴት ሲታቀፉ፣ እግዚአብሔር ስለ ወሰደው የሰጠኝ ካሳ ናት ብለው ካሳነሽ አሏት። ሐዘን የገባበት ቤት እንዲህ ይጽናና ነበር፤ ምትኬ፣ ማስረሻ፣ ካሳነሽ እያለ። ሰላምም የበኩር ልጇን ካጣች ሁለት ዓመቷ ነው። ታዲያ ከዚህ የተሻለ ስም ከየት ይመጣል?

ረቡዕ

ይህንኑ ሄጄ ነገርኋት፤ ጮኼም ነበር። አስጨርሳኝ «ልጄ የማንም ካሳ አይደለችም፣ አባባ» አለች። ባለጌ ልላት አፌን ስከፍት ጨመረች፦ «እማማ ካሳነሽ ራሳቸው ለምነውኛል። ‹እናቴ እኔን በጠራች ቁጥር የሞቱትን ወንድሞቼን እያሰበች ታለቅስ ነበር። ሌላ ስትወልጂ በልጅሽ እንዳታደርጊው› ብለውኛል።»

ባርኔጣዬን እንኳ ረስቼ ወጣሁ።

ሐሙስ

ዛሬም ተናድጃለሁ፤ በካሳነሽ። ያን ያህል ዘመን አብረን ስንኖር ለምን አልነገረችኝም? በቀን አሥር ጊዜ እጠራት ነበር፤ «አቤት» ትል ነበር። ለእኔ ያልተነገረው ለልጅ ተነገረ! እስኪ ደግሞ አንድ ቀን ጠይቄያት አውቃለሁ? አላውቅም። ይህ ከሁሉ ይብሳል።

ረፋድ ላይ ለሰላም ደወልሁ። «የወደድሽውን ስም አውጪላት» አልኋት። ይቅርታ አልጠየቅሁም፤ እርሷም አላስጠየቀችኝም። ስሙን ዛሬም አልወደድሁትም።

የብራና ዳዊቴ መጀመሪያ ላይ ባዶ ቅጠል አለ። ካሳነሽ ለምን ካሳነሽ እንደ ተባለች፣ ስሙም ምን ያህል እንደ ከበዳት በእጄ እጽፍበታለሁ። ዳዊቱን ለኤልዳና አወርሳለሁ።