መዝገብ ያላወቃቸው ትከሻዎች

ውድ ቀድሪያ፣

ትናንት ወንጪ ሐይቅ መሃል ስንደርስ የቀዛፊያችን የኦቦ ደቻሳ ትከሻ ወለቀ። ጉልበታቸውን አቅፈው ወደ ኋላ ተለጠጡና ራሳቸው መለሱት።

«ስንተኛዎ ነው?» አልኳቸው።

«ከአሥር በኋላ መቁጠር ተውኩ።»

«ሐኪም አይቶዎት ያውቃል?»

«ወጌሻ እያለ?»

እኛ ሐዋሳ ቢሮ ተቀምጠን፣ በአገሪቱ ስንት ሰው ትከሻው እየደጋገመ እንደሚወልቅበት የምንቆጥረው ከሆስፒታል መዝገብ ነው። እሳቸው እዚያ የሉም። ስለዚህ ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞርኩ ጠየቅሁ፤ አስተርጓሚዬም እሳቸው ሆኑ። እስከ ቀትር አምስት ሰው አገኘን። ኦቦ ደቻሳንም አምቦ ሆስፒታል ሄደው እንዲታዩ በስንት ልመና እሺ አሰኘኋቸው። መንደሩን ሳልጨርስ አልመለስም።

ፖስት ካርዷ ሞላችብኝ። እናትሽንና ልጆቹን ሳሚልኝ። ከሆስፒታል መዝገብ ብቻ ያዘጋጀነውን ሪፖርት ግን እኔ ሳልመጣ እንዳትልኪው።

ሩዋይዳ