የእማዬ የክርስትና ስም

ካምፓላ፣ ማክሰኞ ኅዳር 9 ቀን 2018

ዓመቱን ሙሉ አናቶሚ የተማርንባትን ሴትዮ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ተሰናበትናት። የተለያየ ሃይማኖት ያለን የሕክምና ተማሪዎች ቡድናችን አስከሬኗ ፊት ጸሎት አዘጋጅቶ ነበር። ሰብሳቢያችን ሐሚዱ ዱዓ አደረገላት፤ ከዚያ ተራው የኔ ሆነ።

በኛ ለሞተ ሰው ሲጸለይ የክርስትና ስሙ ይጠራል። የሴትዮዋን ስም ግን የሚያውቅ የለም፤ ያላት እግሯ ላይ የታሰረው ቁጥር ብቻ ነው። ይህን ከሳምንት በፊት ማሰብ ነበረብኝ። ስም የሚጠራበት ቦታ ስደርስ ቆምኩ። ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው ይጠብቁኛል። ከአፌ የወጣው ወለተ ሥላሴ ነበር። ጠዋት ጠዋት ስጸልይ የምጠራው የእማዬ ስም ነው። እማዬ ደግሞ አዲስ አበባ በሕይወት አለች።

ስንወጣ ሐሚዱ፣ «ስሟን በማግኘትሽ ደስ አለኝ» አለኝ።

ቦዳ የሚሉትን የሞተር ታክሲ ይዤ ናሙዎንጎ ሰፈር ቤቴ እንደገባሁ ለእማዬ ደወልኩ። አነሳችው። ደህንነቷን ጠየቅኳት።

«ደህና ነኝ። ከምሳ በኋላ ጋደም ባልኩበት አንድ ሰው በክርስትና ስሜ ጠራኝ። የንስሐ አባቴ መስለውኝ በሩን ብከፍት ማንም የለም።»

«አቤት ብለሻል?»

«ታዲያ ሲጠሩኝ ምን ልበል?» አለችና ሳቀች።

ስንት ሰዓት ላይ እንደነበር ሳልጠይቃት ስልኩን ዘጋሁት።