የላይኛው ትምህርት ቤት ወይስ የእኔ

ግንቦት 6

ዛሬ ዘጠነኛ ክፍሎችን የላብራቶሪ ሙከራ አሳየሁ። አሳየሁ ማለት... አንዲት ቱቦ ይዤ ፊት ቆምኩ፣ ሃምሳ ስምንት ልጅ አንገቱን አሰገገ። ከኋላ ያሉት ምን እንዳዩ እነሱ ይወቁት። "ቲቸር፣ ቀለሙ ተቀየረ?" አለኝ አንዱ። ተቀይሯል፣ እመነኝ አልኩት። ኬሚስትሪም በእምነት ሆነ።

ቤት ስደርስ አከራያችን በር ላይ ቆመዋል። ሁሌ ሲመጡ ቁጭ ይላሉ፣ ዛሬ እምቢ አሉ። "ልጄ ሊያገባ ነው። ቤቱን ለእሱ ፈልጌዋለሁ። እስከ ነሐሴ መጨረሻ ጊዜ አላችሁ። መቼም ክፉ አይንካችሁ።" መርቀውን ሄዱ። ሲያስወጡም ይመርቃሉ። ዘጠኝ ዓመት የኖርንበት ቤት...

ባለቤቴ የሰው ፍሪጅ ሲጠግን ውሎ እጁ ቅባት በቅባት ሆኖ መጣ። ነገርኩት። "ቤት ሞልቷል" አለ። ቤትስ ሞልቷል። ግን ልጃችን በመስከረም ዘጠነኛ ክፍል ልትገባ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት ደግሞ የሚቀበለው የሰፈሩን ልጅ ነው። የምንኖርበትን ስንመርጥ የምትማርበትን መረጥን ማለት ነው። እስከ ዛሬ ይሄን እንዴት አላሰብኩትም?

ግንቦት 10

ደላላው ሁለት ቤት አሳየን። አንዱ ዳገቱ ላይ፣ ሰው ሁሉ "የላይኛው" ከሚለው ትምህርት ቤት አጥር ጀርባ። ሁለት ጠባብ ክፍል፣ መስኮቱ የጎረቤት ግድግዳ ያያል። ሌላው ታች፣ እኔ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት አምስት ደቂቃ በእግር። ሦስት ክፍል፣ ሰፊ፣ ፀሐይ የሚገባው። ኪራያቸው እኩል ነው።

"እንዴት እኩል ይሆናል?" አለው ባለቤቴ።

"ጌታዬ፣ እዚያ ላይ የሚከፍሉት ለቤቱ አይደለም። ለትምህርት ቤቱ ነው።"

ስንመለስ ባለቤቴ ጠየቀኝ። "የቱ ትምህርት ቤት ይሻላል? መቼም አስተማሪዋ አንቺ ነሽ።"

አሥራ ሁለት ዓመት አስተምሬበታለሁ። "የእኔ ይሻላል" ልል ስል አፌ ተሳሰረ። "የላይኛው" ልልም ስል ያው። ፀጉሬን ማስተካከል ጀመርኩ።

ግንቦት 14

የእረፍት ሰዓት ላይ የደብተሬን አንድ ገጽ ለሁለት ከፈልኩት። ግራ የላይኛው፣ ቀኝ የእኛ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን የመጨረሻ ፈተና ያለፉ፦ እዚያ ከመቶ ዘጠና አንድ፣ እዚህ አርባ ሦስት። በአንድ ክፍል እዚያ አርባ አምስት ልጅ፣ እዚህ... እዚህ እንኳን ልጁ ወንበሩም አይቆጠርም። ከዚያ ቆም አልኩ። ሌላ ምን ይጻፋል? የሒሳብ መምህራችን ከቀረ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው፣ ይጻፍ? አምና ፈተና ለወደቀችው ልጅ ቤቷ ድረስ መሄዳችን፣ እሱስ በየትኛው ረድፍ ይገባል?

ፊዚክስ የሚያስተምሩት ሽማግሌ ባልደረባዬ ከኋላዬ ቆመው ኖሯል። ተማሪዎቹ "ጋሽ ስበት" ነው የሚሏቸው፣ እኛም ለመድነው። ገጹን አነበቡት።

"ቤት ልትቀይሪ ነው?"

"ማየቴ ነው እንጂ ገና..."

"ልብስ ሰፊ የሰፋውን ራሱ ካልለበሰ ማን ይገዛዋል?" አሉና ጠመኔያቸውን ይዘው ወጡ። ጆሮዬ እስኪግል ድረስ አፈርኩ።

ግንቦት 15

ባለቤቴ "ደላላው መልስ ይፈልጋል" አለኝ። እኔም እፈልጋለሁ።

ግንቦት 21

ፈቃድ ወስጄ የላይኛውን ትምህርት ቤት ለማየት ሄድኩ። ግቢው ተጠርጓል። ኮሪደሩ ላይ የሚንጎራደድ ልጅ የለም። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው አስጎበኙኝ። ላብራቶሪው... ምን ልበል። ውሃው ይወርዳል። በየጠረጴዛው አራት ልጅ፣ ለእያንዳንዱ የራሱ ቱቦ። በሩ ላይ ተገትሬ ቀረሁ። አንዷ ልጅ ጠብታ እየቆጠረች ታንጠባጥባለች፤ ማንም "እመኚኝ" አላላትም። ቅናት ነው? ቅናት ነው።

"እርስዎ ምን ይሠራሉ?" አሉኝ ምክትሉ።

"የቤት እመቤት ነኝ" አልኩ። ለምን ዋሸሁ? ማን ጠየቀኝ ዋሺ ብሎ?

ሲሸኙኝ "አይዞዎት፣ እኛ ጋ ደካማ ተማሪ አይቆይም" አሉኝ። ደስ አለኝ። ደካማውን ያጎብዙታል ማለት ነው ብዬ ዳገቱን በፈገግታ ወረድኩ።

ግንቦት 23

አሥራ አንደኛ ክፍል፣ የኋላው ረድፍ፣ ጥግ ላይ የምትቀመጥ ልጅ አለች። በዚህ ዓመት ነው የመጣችው። እጇን አውጥታ አታውቅም። ዛሬ ሁሉም ሲወጡ ደብተሯን ልትሰጠኝ ቀረች። ከየት እንደመጣች ጠየቅኳት።

"ከላይኛው።"

"ቤት ቀይራችሁ ነው?"

"አይ፣ ቤታችን እዚያው ነው። አባቴን ጠሩት። 'ሌላ ቦታ ብትሞክሩላት ይሻላታል' አሉት። መልቀቂያዬን ቀድመው ጽፈውት ነበር።" ደብተሯን አቀበለችኝና "በእኛ ዓመት የተሸኘነው አሥራ ሦስት ነን" አለች።

ስትወጣ መዝገብ ቤት ሄድኩ። በሦስት ዓመት ከላይኛው መልቀቂያ ይዘው እኛ ጋ የመጡ አርባ አንድ። አርባ አንድ! አይቆይም ያሉኝ ለካ... በቀጥታ ነው የተናገሩት። እኔ ነኝ ያልሰማሁት። ዘጠና አንድ ከመቶው የተቆጠረው እዚያ ከቀሩት ብቻ ነው፤ የተሸኙት በእኛ አርባ ሦስት ውስጥ ይቆጠራሉ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ከመውጣቷ በፊት ጠየቅኳት እኮ። "ታዲያ እዚህ አይሻልሽም?"

መሬት መሬት አየች። "እርስዎ አይቀሩም ቲቸር። ግን... እዚያ ማንም መምህር ቀርቶ አያውቅም።"

የቱን ጥዬ የቱን ላንጠልጥል?

ግንቦት 25

ቅዳሜ። ባለቤቴ ግቢ ውስጥ ፍሪጅ ፈታቶ ልጃችን ብሎን እየተቀበለች ነው። የሰማሁትን አወራሁለት። ልጅ አለች አላልኩም። አንዳንዴ ልጅ መኖሩን የምንረሳው ለምንድን ነው?

"እንግዲህ የማይረባ ትምህርት ቤት ነው በይኛ" አለ ባለቤቴ።

"ኧረ እንደሱ አይደለም። ትምህርቱ ጥሩ ነው።"

"ታዲያ ጥሩ ነው በይኛ!"

"ጎበዝ ለሆነ..."

ልጄ ብሎኖቹን በመዳፏ እንደያዘች ቀና አለች። "እኔ ከስልሳ ሁለት ሠላሳ አራተኛ ነኝ። ከሚሸኙት ነኝ ማለት ነው?"

አባቷ ከፍሪጁ ጀርባ ያላለቀ ሥራ አገኘ። እሷ ብሎኖቹን ጣሳ ውስጥ ጣለቻቸውና ገባች።

ደብተሬን አውጥቼ ያን ገጽ አየሁት። ዘጠና አንድ፣ አርባ ሦስት፣ ወንበር፣ መጽሐፍ... የልጄ ነገር አንድም ቦታ የለም።

ሰኔ 2

ሳምንት ሙሉ "እሺ" እና "አይ" ብቻ ስታወራ ቆይታ ዛሬ ልብስ እያጠፍን አፈነዳችው።

"የላይኛው ነው የምፈልገው።"

"ከሰማሽው በኋላ?"

"አንቺ ነሽ እኮ ላብራቶሪ አለው ያልሽው። ከመጣሽ ጀምሮ ስለ እሱ ነው የምታወሪው። አንድም ቀን ግን አንቺ ምን ትያለሽ ብላችሁ ጠይቃችሁኝ አታውቁም።"

እውነቷን ነው።

"ካልሆነልኝ ይሸኙኝ። አንቺ ጋ እመጣለሁ። ትቀበይኛለሽ አይደል?"

"እንዴት አልቀበልሽም!"

"በቃ። ደሞ እማ... መጀመሪያውኑ አንቺ ጋ ከሆንኩ የቲቸር ልጅ ነው የምባለው። ብወድቅ አንቺ ነሽ የምታፍሪው፣ ባልፍ አንቺ ነሽ የሰጠሽኝ።"

አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ይሄን ሁሉ መቼ አሰበችው? ሌሎቹ የገፏቸውን የምንቀበለው እኛ መሆናችንን እሷም አውቃዋለች። በእኔ ትምህርት ቤት መኩራቷ ነው ወይስ መጠባበቂያ ማድረጓ? ልቤ ይሙቅ ወይስ ይዘን? አንሶላውን ሦስት ጊዜ አጠፍኩት።

ሰኔ 4

ዳገቱ ላይ ያለውን ቤት ተከራየን። ባለቤቴ ፈረመ። ልክ ነን? እንጃ።

ሰኔ 11

ለጋሽ ስበት ሳልነግራቸው መክረም አልቻልኩም። መምህራን ክፍል ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ቁጣ ጠብቄ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፣ ጠረጉት...

"የእኔ ሁለቱም ልጆች አክስታቸው ቤት ሆነው ነው የተማሩት" አሉ። "ላይ።"

"ምን?"

"ሰማሽኝ። ሃያ ዓመት ሆነው፣ ለማንም አልተናገርኩም።"

"ታዲያ ያን ዕለት ልብስ ሰፊ ምናምን ሲሉኝ?"

"ለራሴ ነበር የምናገረው መሰለኝ" አሉ። ልቆጣ አሰብኩ፣ ሳቄ መጣ። እሳቸውም ሳቁ። ሳንጨርሰው ደወል ተደወለና ሁለታችንም ወደየክፍላችን ሮጥን።

ነሐሴ 22

ገባን። ቁም ሣጥኑ በበሩ አልገባ ብሎ ግማሽ ቀን ሰፈር አዝናናን። ልጄ ሳሎን ውስጥ ነው የምትተኛው። አልተነጫነጨችም።

መስከረም 20

ትምህርት ከጀመረ ሁለተኛ ሳምንት። እሷ ለመድረስ ሦስት ደቂቃ፣ እኔ ሁለት አውቶቡስ። ስትመለስ "እንዴት ነበር?" እላታለሁ፣ "ደህና" ትላለች። ደህና ማለት ምን ማለት ነው? ደብተሯን ልይ አልኳት፣ "አይ" አለች።

እኔ ጋ ደግሞ አምስት አዳዲስ ልጆች መልቀቂያ ይዘው መጡ። ሦስቱ ከላይኛው። ፊት ለፊት አስቀመጥኳቸው። የአንዷ እስክሪብቶ አያያዝ የልጄን ይመስላል፤ ወይስ እኔ ነኝ ሁሉንም እሷን የማስመስል?

ጥቅምት 18

እሑድ፣ ከሰዓት። ጠረጴዛው ላይ የተማሪዎቼን ፈተና እያረምኩ ነበር። ልጄ መጥታ ከክምሩ አጠገብ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አስቀመጠች። ዘረጋሁት። ኬሚስትሪ፣ ሠላሳ ስምንት ከመቶ።

"የኬሚስትሪ መምህርት ልጅ!" ሊያመልጠኝ ነበር፣ ዋጥኩት። "ይሸኙሻል" የሚለውም መጣ፣ እሱንም። ፊቷን አየሁ። አላለቀሰችም። ወንበር ሳበችና ተቀመጠች።

"አስረጂኝ" አለች።

ከተወለደች አስረጂኝ ብላኝ አታውቅም። እኔስ የሰው ልጅ ደብተር ሳርም የእሷን መቼ አየሁት?

ተነሳሁ። ምን ላድርግ፣ ቁጭ ብዬ ማስረዳት አልችልበትም። ግድግዳውን እንደ ሰሌዳ እየጠቆምኩ ጀመርኩ። "አተም ማለት..." ድምፄ ጎረቤት ድረስ ይሰማል። ኤሌክትሮን አልኩ፣ ፕሮቶን አልኩ፣ "ገባችሁ?" አልኩ።

"እማ" አለች። "ክፍል ሙሉ ልጅ የለም እኮ እዚህ። እኔ ብቻ ነኝ።"

እጄ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ቀረ። ከዚያ የሰው ወረቀቶችን ወደ መሬት አውርጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"የቱ ጋ ነው ግራ የገባሽ?"

"መጀመሪያው ጋ።"

ከመጀመሪያው ጀመርን።