ሬሳው ላይ የወደቀው ብር

ድሬ ዳዋ፣ ግንቦት 1972 ዓ.ም.

እህቴ አስካለማርያም፣

ድሮ አንቺና እኔ የሠራነው ሙዚቃዊ ድራማ ሳምንት ሊታይ መጥቶ በሦስተኛው ቀን ተዘጋ። በመጀመሪያው ቀንማ ስም ያላት ትሻላለች ብለው ያንቺን ቦታ የሰጧትን ዘፋኟን ፈትለወርቅን ለማየት ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ሳይቀር ሰው ጎርፎ ነበር። እኔ እንደ ድሮው ሟች ባሏ ሆኜ፣ ነጠላ ተሸፍኜ ተጋድሜያለሁ። ሙሾዋን ስትጀምር ሰማታር የሚሉት ነጋዴ «አብሽሪ እህቴ!» እያለ መድረክ ላይ ወጥቶ ግንባሯ ላይ ብር ለጠፈላት። እሷም ልማድ ሆኖባት ፈገግ ብላ እጅ ነሣች። በቃ፣ ሰው ሁሉ ተሰለፈ፤ ባንዱም የታወቀውን ዘፈኗን ጀመረ። እኔ በላብ ተጠምቄ እንደሞትኩ ቀረሁ። ዘፈኗን የሰማ ሰው ለድራማው አልተመለሰም።

ድሬዎችን አትውቀሻቸው፤ የሚያለቅስ ሰው ሲያዩ ዝም ብለው አይቀመጡም። እኛ ዘንድ ግን አንቺ ስታለቅሺ ከወንበሩ የሚነሣ አልነበረም።

ነገ በባቡር እንነሣለን። ፖስት ካርዱ ሞላብኝ፣ ልጆቹን ሳሚልኝ። ከፈትለወርቅ ግንባር አንድ ብር ተላቆ ደረቴ ላይ ወደቀ፤ ያኔ እዚያው ላይ የሚወድቀው ያንቺ እንባ ነበር።

ጉግሳ