ቀስ ብላ የምትጠፋው መብራት

ውድ የትናየት፣

እንዴት ሰነበትሽ? ደባርቅን ጉም ሸፍኗት ለጥገና ሱቄም ገበያ የለም። ስለዚህ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳፍርበት የኖርኩትን ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

በእጃችን የሠራነውን የሙዚቃ መሣሪያ፣ ሲንተሳይዘራችንን፣ ልንጨርስ ስንል ከአሮጌ ቻርጀር የነቀልኳቸውን ባለአራት እግር ኦፕቶካፕለሮች፣ እነዚያን በብርሃን የሚሠሩ ትናንሽ ማብሪያ ማጥፊያዎች፣ ለድምፁ መቆጣጠሪያ ልገጥም ነበር። አንቺ እጄን ያዝሽኝ።

«ሙሰዓብ፣ እነዚህ ማብራትና ማጥፋት ብቻ ነው የሚያውቁት፤ ድምፁን ይቆርጡታል። ትንሽ አምፖልና ብርሃን የሚሰማው ሬዚስተር ፊት ለፊት አድርገን በጥቁር ላስቲክ እንጠቅልል። ቮልቴጁ ሲወርድ መብራቷ ትደክማለች፤ ድምፁም ቀስ ብሎ ይወርዳል።»

«ፋብሪካ የሠራው እያለ የልጅ ጨዋታ!» ብዬ በሰው ፊት ሳቅኩብሽ። ኦፕቶካፕለሮቹን ገጠምኳቸው። መሣሪያውን ዳባት ትምህርት ቤት በዓል ላይ ስናሰማው፣ በነካነው ቁጥር «ጠቅ፣ ጠቅ» እያለ አዋረደን። እኔም «የተበላሸው ብየዳው ነው፤ የበየደችው እሷ ናት» አልኩ። ዋሸሁ፣ የትናየት። ሰዉም ሳቀብሽ። በሳምንቱ ጎንደር ሥራ አገኘሁ ብለሽ ሄድሽ።

ባለፈው ወር ከጊች መንደር የተበላሹ የፀሐይ ፋኖሶች በጆንያ መጡልኝ። ስፈታቸው መምሸት መንጋቱን የምትለየዋን ሬዚስተር አገኘሁ። አሥራ አንድ ያህሉን ከብርሃን ሸፍኜ በቴስተር ለካሁ። አንዳንዷ ጨለማውን ቶሎ አትቀበልም፤ አንዳንዷ ጭራሽ ሞታለች። ተቀራራቢ የሆኑትን ሁለቱን መረጥኩ። እኔ ጋ በቀረው ሲንተሳይዘራችን ላይ ስሞክራቸው በቀይ አምፖል ድምፁ ታፈነ፤ በአረንጓዴ ግን ወለል ብሎ ተከፈተ። በጥቁር ላስቲክ ጠቀለልኳቸው፣ ልክ እንዳልሽው።

እናትሽ እትዬ በለጠች ሬዲዮአቸውን ሊያሠሩ መጥተው ሰሙት። ድምፁ ከፍ ብሎ ቀስ እያለ ሲጠፋ «ይሄ ዕቃ ይተነፍሳል እንዴ?» አሉ።

«የልጅዎ ሐሳብ ነው። ያበላሸሁትም፣ የዋሸሁባትም እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ለሳቁባት ንገር እንጂ» አሉኝ።

ስለዚህ ለዘንድሮው በዓል ዳባት ወረድኩ። ከመጫወቴ በፊት ማይኩን ይዤ ሁሉንም ተናገርኩ። ከዚያ ተጫወትኩ፤ አንዲትም «ጠቅ» የለም! ያን ጊዜ ከሁሉ በላይ የሳቁት ርዕሰ መምህሩ፣ መምህር ድረስ፣ ቀድመው ተነሥተው አጨበጨቡ። ሲያበቃ ጠርተውኝ «ይቺ ልጅ ክረምቱን ተማሪዎቻችንን ታስተምርልን። እሺ ትላለች ካልክ ልመዝግባት?» አሉኝ።

አፌ ላይ «እሺ» መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት። «ስለ እሷ እኔ አልናገርም፤ ራሷን እጠይቃታለሁ» አልኳቸው።

ይኸው ጠየቅኩሽ። እምቢ ብትዪም ቅር አይለኝም፤ እውነቱን ከተናገርኩ ወዲህ እንቅልፌ መልካም ነው። እሺ ካልሽ ግን ዳባት አውቶቡስ ተራ ቆሜ እጠብቅሻለሁ።

በድሎሽ የነበረው፣ አክባሪሽ
ሙሰዓብ፣ ከደባርቅ