እናትሽ የቦዩ አፍ ላይ የተቀመጠች ዕለት

ቆቦ፣ መስከረም 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለሀናን፣

አሰላሙ ዐለይኪ የኔ ዓይን። እንደምን ሰነበትሽ? ባልሽስ ሥራውስ እንዴት ነው? ትንሿ ራዊያ ጥርስ አወጣች? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ማሽላው ራስ ይዟል፣ ላሟ ወልዳለች፣ እናትሽም ከእኔ ጋር ለመጨቃጨቅ የሚበቃ ጤና አላት።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትዪ አውቃለሁ። ስልኩማ አለ። ግን አንቺ ስትደውዪ እናትሽ ከእጄ ትነጥቅና ድምፁን ከፍ አድርጋ መሀላችን ታስቀምጠዋለች። ከዚያ ወዲያ ለእኔ የሚተርፈኝ "ደህና ነኝ፣ አንቺስ?" ማለት ብቻ ነው። ስለ እሷ እሷው ፊት እንዴት ብዬ ላውራ? ስለዚህ ጀሚል፣ ያ የጎረቤታችን ልጅ፣ ሽንኩርት ጭኖ ወደ ሐዋሳ ሲመጣ ይህን በእጅሽ እንዲያደርስልኝ አደራ ብየዋለሁ። ስታነቢው ብቻሽን ሁኚ።

ነገሩ ያው የእናትሽ ልብ ነው። ለዒድ መጥተሽ ሳለ፣ እቃ ስታጥብ ድንገት ትታው መሬት ላይ ዘጭ ስትል አይተሽ እንዴት እንደደነገጥሽ አልረሳሁም። ያን ዕለት ወደ ጓሮ ወስደሽኝ እያለቀስሽ "አባ፣ ማሽላው ሲታጨድ መጥቼ እወስዳታለሁ፣ አንተ ብቻ አሳምናት" አልሽኝ። እኔም እሺ አልኩሽ። ከልቤ ነው ያልኩት። አሁን ግን ያቺን እሺ መልሼ ልወስዳት ነው የምጽፍልሽ፣ ለምን እንደሆነ ነግሬሽ እስክጨርስ ድረስ ግን አትቆጪኝ።

ደሴ ወስደን ደረቷ ላይ ሽቦ ለጣጥፈው ያዩዋት ጊዜ ሐኪሙ ያለውን አንቺም ሰምተሻል። ልቧ ጤነኛ ነው፣ አንዳንዴ ብቻ ምቱን ይስትና ይፈጥናል፣ አይገድላትም አለ። ሲመጣባት ትቀመጥ፣ የጠበቃትን ልብስ ታላላ፣ ቀስ ብላ ትተንፍስ፣ ውሃ ትጠጣ፣ ቡና ትቀንስ አለ። ራሷን ከሳተች ወይም ደረቷን ካመማት ግን ሳትውሉ ሳታድሩ አምጧት አለ። እናትሽ ሁሉንም አንገቷን እየነቀነቀች ሰማችው፣ ቡናው ላይ ሲደርስ ብቻ ተኮሳተረችበት። ቀነሰች ግን። አንዲት ስኒ ትጠጣና ስኒዋን ትደፋለች፣ ከዚያ የሌሎቹን ስኒ በዓይኗ ስትከተል ታሳዝናለች።

ምን እንደሚሰማት ጠይቄያት ነበር። "ደረቴ ውስጥ ዶሮ ክንፏን ታራግፋለች፣ ከዚያ ጭጭ ትላለች፣ ከዚያ አንዴ ድም ብሎ ይመለሳል" አለችኝ። ስም ሁሉ አውጥታለታለች። እንግዳዬ ነው የምትለው። ሲመጣባት "እንግዳዬ መጣ" ብላ ባለችበት ቁጭ ትላለች፣ መቀነቷን ትፈታለች፣ ከማትለያት ሃይላንድ ውሃ ትጎነጫለች፣ ሲለቃት ብድግ ብላ ካቆመችበት ትቀጥላለች። ባለፈው ጎብዬ ገበያ መሀል መጣባትና የሰው ሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀመጠች። ባለ ሽንኩርቱ "እትዬ፣ ልትገዢ ነው ልትቀመጪበት?" ቢላት "ቆየኝ፣ እንግዳ አለብኝ" አለችው። እንግዳዋን ሸኝታ ስትነሳ ያንኑ ሽንኩርት ተከራክራ በርካሽ ገዛችው። ሰውዬው እስካሁን ሲያየኝ ይስቃል።

የሚደንቀኝ ይሄ ነው ልጄ። እኔ ብሆን ከቤት አልወጣም ነበር። ጉልበቴን ሲያመኝ እንኳ መንደሩ ሁሉ እንዲሰማ ነው የማቃስተው፣ ታውቂኛለሽ። እሷ ግን ከገዛ ደረቷ ጋር ተስማምታ ትኖራለች። አልፈራም አትልም፣ ጀግና ነኝም አትልም፣ ቁጭ ብላ ጠብቃ ትነሳለች። እኔ ነኝ ጭንቁ የሚይዘኝ። ቁጭ ባለች ቁጥር ፊቴን እንዳታይብኝ የበሬውን ገመድ የምፈልግ መስዬ ወደ ጓሮ ዞር እላለሁ። "ዘካሪያስ፣ ፈራህ እንዴ?" ስትለኝ "ኧረ ገመድ ነው የጠፋኝ" እላለሁ።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዘንድሮ ክረምቱ ዘግይቶ ገባ። ነሐሴ ተጋምሶ ሰማዩ ያጉረመርማል እንጂ ጠብ የሚል የለም። ማሽላችን ቅጠሉን መጠቅለል ጀምሮ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በደጋው በኩል ጠቆረና የሆርማት ወንዝ ሞልቶ መጣ። ድምፁን ስንሰማ ሁላችንም አካፋና ዶማ ይዘን ወጣን። ጎርፍ መቼም የሚቆየው ጥቂት ሰዓት ነው፣ ማሳሽ ካላስገባሽው እያየሽው ወደ አፋር በረሃ ይነጉዳል።

ደንቡን ታውቂዋለሽ። መጀመሪያ የላይኞቹ ያጠጣሉ፣ ማሳቸው ሲጠግብ የቦዩን አፍ የዘጋውን አፈር ንደው ለእኛ ለታችኞቹ ይለቃሉ። መቼ እንደጠገበ የሚፈርደው የውሃ አባታችን አያ ይርጋ ነው። ያን ቀን አያ ይርጋ "በቃ፣ ልቀቁ" ቢላቸው የላይኞቹ እንቢ አሉ። የእነሱም ማሽላ ደርቆ ነበር፣ አልፈርድባቸውም። የእኛ ጎረምሶች ግን ዱላቸውን እየነቀነቁ አፈሩን ሊንዱ ወጡ። ፊት ፊት የሚሄደው ያ የጎረቤታችን የዚነት ልጅ ረዲ ነው፣ ቁጣው አፍንጫው ላይ የሆነው። የላይኞቹም አፈሩ ላይ ተደርድረው ጠበቁት። ከኋላ ክላሽ ያነገቱ ነበሩ፣ አልዋሽሽም። አያ ይርጋ ይጮሃል፣ የሚሰማው የለም። ዛሬ ሰው ይሞታል አልኩ በሆዴ።

በዚህ መሀል እናትሽ ቂጣ ይዛልኝ እየመጣች ነበር። ጩኸቱን ስትሰማ ሮጠች፣ ስትሮጥ ደግሞ እንግዳዋ መጣባት። መቀመጥ አለባት። ዙሪያው ሁሉ ጭቃና ውሃ ነው፣ ደረቁ ቦታ ሰዎቹ የተፋጠጡበት መሀል ያለው ጉብታ ብቻ ነው። ቀኝም ግራም ሳታይ ሄዳ ቁጭ አለችበት። መቀነቷን ፈታችና ከፊቷ ጣለችው፣ ዓይኗን ጨፍና መተንፈስ ጀመረች።

ከተማ ከገባሽ ረስተሽው እንደሆን ላስታውስሽ፤ በእኛ አገር እናት መቀነቷን ፈትታ በተጣላ ሰው መሀል ከጣለች የሚሻገረው የለም። የተሻገረ የገዛ እናቱን እንደረገጠ ነው የሚቆጠረው። ረዲ እግሩን አንስቶ ነበር፣ መቀነቱን ሲያይ መለሰው። ዱላው ቀስ እያለ ወረደ። ከወዲያ ማዶም አንዱ ሽማግሌ ክላሹን ከትከሻው አውርዶ መሬት ላይ አስተኛው። "እናታችን፣ ማሪን" አለ። ድምፅ የሚባል ጠፋ፣ የጎርፉ ብቻ ቀረ። አያ ይርጋ ያችን ዝምታ አላባከናትም፣ "አካፋ አምጡ" አለና አፈሩን ከሁለቱም ወገን ሰዎች ጋር አብሮ ናደው። ውሃው ለሁለት ተከፈለ።

ለእኔ ብቻ ነበር የገባኝ። እናትሽ ለማስታረቅ አልነበረም የተቀመጠችው፣ ትንፋሽ አጥሯት ነው። ሮጬ ልይዛት ስል ዓይኗን ገለጠች። እንግዳዋ እንደለቀቃት ከፊቷ አወቅኩ። ልትነሳ እጇን ወደ መቀነቷ ሰደደች፣ ቀና ስትል ግን ዱላዎቹን አየች፣ ክላሹን አየች፣ አፈር የሚንዱትን ሰዎች አየች። እጇን መለሰች። ጎርፉ እስኪያልቅ፣ የመጨረሻው ማሳ እስኪጠጣ፣ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ በጭቃ ውሃ ርሶ እዚያው ተቀምጣ ዋለች። ቂጣዬን ማን እንደበላው እስካሁን አላወቅኩም።

ከዚያ ወዲህ የእናትሽ ስም ገነነ። ዋጃ ድረስ ይወራል። ሰው በተጣላ ቁጥር "ኡሙሃኒን ጥሩ" ሆነ። እሷ ግን እህል አልዋጥልሽ አላት። "ያላደረግኩትን እያመሰገኑኝ እንዴት ልኑር?" ትላለች። እኔ "ተይው፣ ማንን ጎዳ?" አልኳት፣ ፊቷን አዞረችብኝ። ባለፈው ሳምንት የውሃ ጉባኤው ሾላው ሥር ሲቀመጥ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ላይኛውም ታችኛውም ባለበት ተነስታ ቆመች። "ስሙኝ፣ እኔ ያን ቀን ላስታርቃችሁ ብዬ አይደለም። ልቤ አንዳንዴ ይመታብኛል፣ ሲመታብኝ ቁጭ እላለሁ፣ መቀነቴን እፈታለሁ። እዚያም ያው ነው የሆነው። አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ" አለችና ተቀመጠች።

እኔማ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ረዲ ነው ከኋላ የተነሳው። "እማ ኡሙሃኒ፣ ልብሽ እስኪመሽ ድረስ መታብሽ?" አላት። "የለም፣ ወዲያው ነው የለቀቀኝ" አለችው። "ታዲያ ለምን አልተነሳሽም?" አላት። እናትሽም "ብነሳ እንደምትጋደሉ አወቅኩ። ፈራሁላችኋ" አለች። አያ ይርጋ በከዘራው መሬቱን መታ መታ አደረገና "አንቺ ሴት፣ የተቀመጥሽው በምንም ይሁን። ያልተነሳሽው ለእኛ ብለሽ ነው፣ እኛ የምናመሰግንሽ ለዚያ ነው" አላት። የላይኞቹም የታችኞቹም ሴቶች እልል አሉ። ሀናን፣ ብታዪያት ብዬ ነው የተመኘሁት። እንደ ልጃገረድ ሻሿን ወደ ፊት ስባ ተሸፈነች።

ወደ ቤት ስንመለስ ደስታው አቅለበለበኝና አፌ አመለጠኝ። "ሀናን እኮ ማሽላው ሲታጨድ ልትወስድሽ ነበር፣ ይሄን ብታይ ትተወዋለች" አልኳት። መንገዱ ላይ ቆመች። "ለምን ልትወስደኝ?" አለች። "ልብሽ አስፈርቷት ነዋ" አልኳት። በሩ ላይ ስንደርስ "ልጄ ፈርታ ከሆነማ እሄዳለሁ" አለችኝ። ልቤ ምንም አይለኝም ስትዪ አልነበር ወይ ብላት "ለልቤ ብዬ ነው እንዴ? ለሰው ልጅ ፈርቼ ጭቃ ውስጥ የዋልኩ፣ የገዛ ልጄ ስትፈራ አጠገቧ መቀመጥ ያቅተኛል?" አለችኝ።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ግን ዶሮዎቿን ማን እንደሚይዝላት ከዚነት ጋር ስትነጋገር ሰማኋት። አሁን አንቺ እስክትደውዪ ነው የምትጠብቀው። ደውለሽ ስታገኚያት አንድ ነገር ትጠይቅሻለች፣ "ፈርተሻል ወይ?" ትልሻለች። አዎ ካልሻት አንዲት ቀን አታድርም፣ መጥታ ሐዋሳ አንቺ ሳሎን ውስጥ ቁጭ ትላለች። መቀነቷንም ፈትታ የምትጥልለት ሰው የላትም እዚያ። ትቀመጥልሻለች፣ ጠዋትና ማታ ታይሻለች፣ እስክትረጋጊ አትነሳም። እዚህ ግን ሾላው ሥር ቦታዋ ባዶ ይሆናል።

እናትሽ በአገር ፊት እውነቷን በተናገረች ማግስት ልጇን "ዋሺያት" ማለቴ ያሳፍራል፣ አውቃለሁ። ግን ለመውሰድ አትምጪ ልጄ። ለማየት ነይ፣ ራዊያን ይዘሽ ነይ፣ እሸቱ ሳያልፍ ነይ። ሐኪሙ ያለውን አልረሳሁም፣ አንድ ነገር ብትሆን በጀሚል መኪና ደሴ አደርሳታለሁ፣ ያ የእኔ ሥራ ነው። ያንቺ ሥራ ያቺን ጥያቄ መመለስ ብቻ ነው። ስትጠይቅሽ አንቺም እንደ እኔ የሆነ ገመድ ፈልጊ። አንድ ቀን እኔ ገመዱ ትከሻዬ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ጓሮውን ስዞር አይታኛለች። አይታ ዝም አለችኝ።

አላህ አንቺንም ባልሽንም ልጅሽንም ከክፉ ይሰውራችሁ። ቤትሽን የሳቅ ቤት ያድርግልሽ። እናትሽ አንቺን ባሳደገችበት እጅ ያሳድጋትና ራዊያም አንቺን ትምሰል፣ አንቺም እናትሽን።

የሚወድሽ አባትሽ
ዘካሪያስ