የባዶው አዳራሽ ዕጩ

ጥቅምት 3
የልጅ ልጄ ደብተሯን ይዛ ቁጭ ብላለች። እኔ ልናገር፣ እሷ ትጻፍ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ቢሆንስ? የሲኒማ ቤቱን ሁለት መቶ አርባ ወንበር የሠራሁ አናጺ ነኝ።
ጥቅምት በገባ ቁጥር ባለቤቱ ለሽልማት ይታጫሉ የተባሉትን ፊልሞች ለእንግዶች ያሳያል። እኔ ከስክሪኑ ጀርባ፣ ጨለማው ውስጥ እቀመጣለሁ። ፊልሙን አላይም፣ ሰውም አላይም። ወንበሮቼን ነው የማዳምጠው። ሰው ሲሰለቸው ይቁነጠነጣል፣ ወንበሩም ሲጥ ይላል። ሲጥ ያላለበት ፊልም ይታጫል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድም አልሳትኩም። ግምቴን ባለቤቱ በር ላይ ይለጥፈዋል።

ጥቅምት 9
ሦስተኛው ፊልም። አንድም ሲጥታ የለ! ትንፋሽ ብቻ... ብዙ ትንፋሽ። መጨረሻው ላይ የታፈነ ለቅሶ።
ወጥቼ "ይሄ ነው፣ ለጥፈው!" አልኩት ባለቤቱን።
ትኬት ቆራጯ ሳቋ አመለጣት፤ እንደ ልማዷ ጮኸችብኝ። "አባባ፣ ምኑን ሰሙት? እንግዶቹ እኮ በግማሽ ሰዓት ጥለው ወጡ።"
"ማን አለቀሰ ታዲያ?"
"እኔ እንጃ! በሩን የዘጋሁት ባዶ አዳራሽ ላይ ነው።"

ጥቅምት 10
"ይተዉት አባባ፣ መሳቂያ ልንሆን ነው" አለ ባለቤቱ።
ቃሌን አላጥፍም። "ለጥፈው። ካልታጨ ደጅህን አልረግጥም" አልኩት። ለጠፈው። አላፊ አግዳሚው ያነባል፣ ይስቃል።

ጥቅምት 16
ልጄ ጎትቶ ጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰደኝ። ሐኪሙ ገና ጢም ያላበቀለ።
"አባቴ፣ ካልጮኹልዎት አይሰሙም። ትንፋሽና ሲጥታ መስማት ካቆሙ አራት ዓመት ሳይሆንዎት አይቀርም።"
"የዘንድሮ ሰው ጉሮሮው ተዘግቶ ነው እንጂ!" ብዬ ወጣሁ።
መንገድ ላይ ግን... በአራቱም ዓመት እኮ አልሳትኩም። ማን ነበር የሚነግረኝ?

ጥቅምት 17
የልጅ ልጄን "ጆሮዬ ሥር አንሾካሹኪ" አልኳት። ትንፋሿ ጆሮዬን አሞቀው። ድምፅ ግን ምንም።

ታኅሣሥ 4
የዕጩዎቹ ስም ዝርዝር ወጣ። ሦስተኛው ፊልም አለበት፤ ያውም ከሁሉ በላይ።
ባለቤቱ ቤቴ ድረስ መጣ። "አባባ፣ አጥፍቻለሁ! ለከርሞ ቦታዎ የእርስዎ ነው!" ብሎ ጮኸ። ድሮ ቢሆን እግሬ ሥር ሳላስወድቀው አልለቀውም ነበር። "ሌላ ሰው ፈልግ" አልኩት። ማን እንደሚነግረኝ ሳላውቅ እዚያ ጨለማ አልገባም። ልጄ "ኩራቱ ነው" ይላል። ይበል።
ይህን የማስጽፈው ጀርባዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ ነው። የልጅ ልጄ ፊት ለፊቴ ናት።
"አያቴ፣ ምነው ዝም አልክ?" አለች ጮክ ብላ።
ጻፊ። ከግድግዳው ወዲያ ትንፋሽ አለ። የአንድ ሰው አይደለም... የአዳራሽ ሙሉ ሰው ነው። መብራት ጠፍቶ ፊልም ሊጀመር ሲል እንደሚተነፍሰው።
እኔን ነው የሚጠብቁት?